አቆስጣ የወለደችበት በረዶ

24 ፌብሩዋሪ፣ ሰኞ

ደህና ቀን። ነፋስ የለም። ከጠዋት ጀምረን የመንጠቆውን ገመድ በረዶ በሆነው ባሕር ላይ ከቆረጥነው ቀዳዳ ሳብን፣ እኔና ኢኑቴቅ። የምንኖርበት ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ሃሊቡቱ፣ ትንንሽ ነው። ድሮ እንዲህ ያለውን ለውሾች ነበር የምንወረውረው። ዘንድሮ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀን ውሾቹ በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ላይ እንጭናለን።

የሚሠሩ፦
የጥቁሩ ውሻ መዳፍ ይታይ።
ለእናቴ ነዳጅ።
የበሩ ማጠፊያ (ሚስቴ ቢቢያነ ሦስቴ ተናግራለች)።

ኢኑቴቅ እንደ ልማዷ እዚያው በረዶው ላይ የዓሣውን ሆድ መቅደድ ጀመረች። ዋና ከተማ ያሉት የዓሣ አጥኚዎች የሰጧት ሥራ ነው። ምን እንደበላ ታያለች፣ ቴርሞሜትር በቀዳዳው ታወርዳለች፣ ያየችውን ትልካለች። ድሮ የሃሊቡት ሆድ ሲቀደድ ኤቃሉጋቅ ነበር የሚፈሰው፣ ያቺ ብርድ የምትወድ ቀጭን ዓሣ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ሆድ አንዲት ብቻ ወጣች። ሌላው ሽሪምፕና ከደቡብ የመጣ ኮድ የሚባል ዓሣ ጫጩት ነው።

"ብርዱን ተከትላ ሄዳለች" አለች።
"ወዴት?"
"ወደ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ ወደ በረዶ ግግሩ ሥር። ትልልቁ ሃሊቡትም እሷን ተከትሏል። እኛም መከተል ነው ልጄ።"

ልጄ የምትለው እኔን ነው። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰውዬ! ምን ላድርግ... የገዛ ልጄ ናት፣ አባቴ በሞተ በወሩ ተወለደች፣ ስሙን አወጣንላት። በእኛ ልማድ ስሙ ከተመለሰ ሰውየውም ተመልሷል። እኔ አባዬ እላታለሁ፣ በአንቱታ አናግራታለሁ። እናቴ ባሌ ትላታለች። አባቱን ደግሞ ማን ያዛል? ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ "አይሆንም" ያላት ሰው የለም።

ወደ ግግሩ ሥር አለች። አባቴ የሰጠመው እዚያ ነው።

3 ማርች፣ ሰኞ

እራት ላይ በዘዴ ልሞክር ብዬ...

"አባዬ፣ ወደ ውስጥ ባይሄዱስ? ሃሊቡት እዚህም አለ እኮ።"
"ይሄ ሃሊቡት ነው? የሃሊቡት ፎቶ ነው እንጂ!"

ቢቢያነ ሳቀች። የገዛ ሚስቴ!

"የታችኛው ውሃ ሞቋል" አለች ኢኑቴቅ፣ አጥንት እየጋጠች። "በየሳምንቱ አየዋለሁ። ብርዱ የቀረው ግግሩ ሥር ይመስለኛል። ቴርሞሜትሩን እዚያ ካላወረድኩ ግን ግምት ነው።"
"በረዶውስ?"
"በረዶውንማ የምታውቀው አንተ ነህ።"

ምስጋና ነው ወጥመድ?

ቢቢያነ ሰሃን ስታጥብ "ለምን አትነግራትም?" አለችኝ። አንቺስ? አልኳት። "እኔ አማቴን ልቆጣ?" ብላ ውሃ ረጨችብኝ። ቀልድ ነው... ዓይኗ ግን አልቀለደም።

9 ማርች፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቴ ቤት ገባሁ። የአቆስጣ ሾርባ ሠርታለች። ገና ሳልቀመጥ ወቀሳ።

"ባሌ ዘንድሮ አንድ ዓሣ አላመጣልኝም። ድሮም እንዲሁ ነበር፣ ለሰፈሩ እያደለ ቤቱ ባዶ!"
"እማ፣ ወደ ግግሩ ሥር ልሂድ እያለ ነው። አንቺ ብትነግሪው..."
"እኔ? ሚስት ናት ባሏን ከአደን የምታስቀረው? ሰው ምን ይለኛል!"
"በዚያ በኩል ነው እኮ የሄደብን።"

ሾርባዋን አማሰለች።

"አውቃለሁ የት እንደሄደብን። ብላ።"

12 ማርች፣ ረቡዕ

የውሾቹን መጎተቻ ጠፍር ጀልባው ሥር ደበቅኩ። ትልቅ ሰው... አያሳፍርም?

13 ማርች

አገኘችው። "ልጄ፣ ነገር ስትደብቅ ጫፉን ውጭ አትተው" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። የጥቁሩ ውሻ መዳፍ ድኗል። ባይድን ይሻል ነበር።

16 ማርች፣ እሁድ

ማስቀረት ካልቻልኩ አብሬ ልሂድ አልኩ። ሄድን።

ከጋሪው ፊት ፊት እየሄድኩ ባለ ብረት ዘንጌን በየእርምጃው በረዶው ላይ መታሁ። ጠንካራ ነው። ድምፁም ደህና ነው። አፍንጫው የምንለውን ድንጋያማ ራስ ስናልፍ ውሾቹ አበዱ፣ ግራ ቀኝ ያሸታሉ። የአቆስጣ ጎጆ! ያቺ የባሕር እንስሳ ግልገሏን ለመውለድ በረዶው ውስጥ የቆፈረችው፣ እዚህም እዚያም። እንዲህ በዝቶ አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው ሐሳቤ የቀለለልኝ። አባቴ "አቆስጣ በሚፈርስ ቤት አትወልድም" ይል ነበር። ግልገሏ ቶሎ መዋኘት አይችልም፣ ስለዚህ እስኪያድግ የሚቆም በረዶ ትመርጣለች። ሁላችንም በዚህ ነው ያደግነው፣ ጎጆ ካየህ እለፍ።

ቀዳዳውን ስንቆርጥ ኢኑቴቅ የወጣውን በረዶ ገለበጠችው። ታቹ ንጹሕ ነው። ድሮ በዚህ ጊዜ ቡናማ ነበር፣ በረዶው ሥር የሚበቅለው ሣር። ትንንሹ ሽሪምፕ እሱን ይግጣል፣ ኤቃሉጋቅ ሽሪምፑን። አሁን እንደ ጠርሙስ የጠራ ነው። በጣቷ ዳበሰችው፣ ሰርጎድጎድ ብሏል።

"ሙቀቱ እዚህም ደርሷል። በረዶው ከታች እየተላሰ ነው።"
"አቆስጣዋ ከእርስዎ ቴርሞሜትር ትበልጣለች አባዬ" አልኳት።

ሳቀች። "እሱስ ልክ ነህ፣ እሷ ልጅ አላት" አለች። ገመዱን ጣልን።

ማታ በደንብ ተኛሁ።

20 ማርች፣ ሐሙስ

ሃሊቡት! ሁለት እጄን ዘርግቼ የማልጨርሰው። አንዱን ስንስብ ኢኑቴቅ ወገቤን ይዛ ነበር። ሆዱ ሲቀደድ ኤቃሉጋቅ ተዘረገፈች፣ ብርማ። ኢኑቴቅ አንዷን ሳመቻት። እውነቷን ነበር፣ ሁሉም እዚህ ተሰብስቧል። ለእናቴ ትልቁን ወሰደችላት፤ እናቴም "ዛሬማ ባል አለኝ" ብላ ጎረቤት ጠራች።

ቴርሞሜትሩ ግን ካለፈው እሁድ ጨምሯል።
"በዚህ ጊዜ ውስጥ?"
"በዚህ ጊዜ ውስጥ።"

አልወደድኩትም። ጎጆዎቹ ግን አሉ... አሉ እኮ። አይደል?

27 ማርች፣ ሐሙስ

ወገቤ ተያዘ። ብቻዋን ሄደች። "አረፍ በል ልጄ፣ ገመዱን አውጥቼ መጣሁ።" ሳትቸኩል ውሾቹን አሰረች። በመስኮት አየኋት።

የሚያጽናኑኝ፦
ብርዱ ደህና ነው።
ጥቁሩ ውሻ መንገዱን ያውቃል።
ጎጆዎቹ።

ወገቤን ላፍታታ ብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ኮረብታ ጫፍ ድረስ ልራመድ።

ያው ቀን፣ ከተመለስን በኋላ

ልጻፈው።

ከኮረብታው ላይ ወደ ውጭው ባሕር አየሁ። ጥቁር ውሃ። እስከ ደሴቶቹ ድረስ ጥቁር ውሃ! እስከ ዛሬ ወደ ውስጥ ብቻ ስንመለከት... እዚያ ነበር እኮ አቆስጣ ከጥንት የምትወልደው፣ እዚያ ሰፊው በረዶ ላይ። በረዶው ከሌለ የት ትውለድ? እዚያው ቆሜ ገባኝ። መርጠው አይደለም አፍንጫው ጋ የታጨቁት። የቀረው እሱ ስለሆነ ነው! እኔ ደግሞ ብዛታቸውን አይቼ ደህና ነው አልኩ። ለኢኑቴቅም ነገርኳት።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የጎረቤቴን የኡዩትን ውሾች ወሰድኩ። "ወገብህስ?" ብሎ ጮኸ። የምን ወገብ።

በየብሱ በኩል ዞሬ አፍንጫው ላይ ደረስኩ። አየኋት፣ ቀዳዳው ጋ አጎንብሳ ገመድ ትስባለች። በእሷና በእኔ መሃል አንድ ጎጆ ጣራው ተደርምሷል። ግራጫ ውሃ። ግልገሉ ራሱን ብቻ አውጥቶ ያለቅሳል፣ ልክ እንደ ሰው ሕፃን። ከጎጆው ግራ ቀኝ በረዶው እየረጠበ እየጠቆረ ይሄዳል። የእሷ ውሾች በሆዳቸው ተለጥፈዋል።

"አባዬ! ይምጡ!"
"ቆይ ልጄ! ቴርሞሜትሩ ገመዱ ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሽ ቀረኝ!"
"እባክዎ! ይተውት!"
"እሺ፣ መጣሁ መጣሁ..."

ቀና እንኳ አላለችም። አባቴም እንዲሁ ነበር፣ መጣሁ መጣሁ። እርጥቡ መስመር ከእሷ ጋሪ ሥር ገባ። አየሁት ሲገባ።

"ኢኑቴቅ! ልቀቂው! አሁኑኑ ነይ!"

ከየት እንደወጣ አላውቅም ያ ድምፅ። ቀና አለች። ሰው በጥፊ የመታት ይመስል ነበር ፊቷ። እጇ ተከፈተ፣ ገመዱ ከነዓሣው ከነቴርሞሜትሩ እየተንሿሿ ወደ ቀዳዳው ተመለሰ።

"ጠፍሩን ቁረጪ! ጋሪውን ተዪው! ተኚ፣ በሆድሽ ነይ!"

ያልኳትን ሁሉ አደረገች። ውሾቹ ቀድመው ደረሱ። ከዚያ እጇን ያዝኩ። እስከ ጉልበቷ ርሳለች። ቦት ጫማዬን አውልቄ አጠለቅኩላት። ውሾቹን ወደ ቤት ነዳሁ።

ግልገሉን ዞር ብዬ አላየሁትም።

28 ማርች፣ ዓርብ

እስከ አፍንጫው ድረስ ውሃ ነው። ጋሪው የለም። ኡዩት መጥቶ ከጎኔ ቆመ፣ "ዘንግህ ምን አለ?" አለ። ደህና ነው አለኝ፣ አልኩት። ሁለታችንም አልሳቅንም።

2 ኤፕሪል፣ ረቡዕ

መንደሩ ሰምቷል። እናቴ አስጠራችኝ።

"አባትህ ላይ እንደ ውሻ ጮህክበት አሉ።"
"ጮህኩ።"
"በስሙ?"
"በስሟ።"
"መጣ?"
"መጣች፣ እማ።"

ጉልበቷን አሸች።

"እኔ በሄደብን ቀን ከዳር ቆሜ ስጠራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ሰው እንዳይሰማኝ" አለች።

ከዚያ የደረቀ ዓሣ ቆርሳ ሰጠችኝ። ለኢኑቴቅም ጠቀለለችላት።

11 ኤፕሪል

ኢኑቴቅ ልጄ አትለኝም። ምንም አትለኝም፣ "ጨው አቀብለኝ" ብቻ። ለአጥኚዎቹ ቴርሞሜትሩ መስጠሙን ነግራቸዋለች፣ አልተቆጡም። ጀልባውን አብረን ቀባን። በኤፕሪል ጀልባ ስቀባ የመጀመሪያዬ ነው፣ ድሮ በዚህ ወር ባሕሩ ገና በረዶ ነበር።

ልጄ ስትለኝ ያናድደኝ ነበር። አሁን...

18 ሜይ፣ እሁድ

የአጥኚዎቹ መርከብ ትናንት ገባች። ኤቃሉጋቅን ተከትለው ወደ ሰሜን ሊወጡ ነው፣ ብርዱ የት እንደቀረ፣ ማን አብሮት እንደሄደ ሊያዩ። የዓሣ ሆድ የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። እሷን ጠይቀዋታል።

ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባ፣ ልሂድ?"

ቢቢያነ ከምድጃው ዞረች። እኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። አባ አለችኝ፣ ጠየቀችኝ! ኢኑቴቅ ሄድኩ ትላለች እንጂ ልሂድ ብላ አታውቅም።

በሆዴ ቆጠርኩ፦ ማዕበሉ። እዚያ ያለው በረዶም ያው በረዶ ነው። የማያውቋት ሰዎች፣ "መጣሁ መጣሁ" ስትል የሚያምኗት። አይሆንም ብል ትቀራለች፣ ፊቷ ላይ ይታያል። ያንን ቃል ስንት ዓመት ተመኘሁት። አሁን አፌ ውስጥ ነው፣ ይሠራልም።

"መቼ ትመለሻለሽ?"
"ባሕሩ ላይ በረዶው ሲተኛ።"
"ካልተኛስ?"

አላውቅም አለች፣ ቀጥ ብላ እያየችኝ።

"ሂጂ" አልኩ።

አልተንቀሳቀሰችም። እየጠበቀች ነው። ለካ ድምፄ አልወጣም ነበር። ደግሜ አልኩት።