ስለ ፎርሙ አስተያየት ተጠየቅን

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

የጠዋት ሺፍት። ዝናብ። አንዱ ተሳፋሪ እኔ በምነዳው አውቶቡስ ወለል ላይ የወደቀ ዶሮ ጥብስ ረግጦ ተንሸራተተና እኔን ሰደበኝ። የጠበስኩት እኔ ነኝ መሰለኝ...

ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ኢሜይል ከፈትኩ። ከኢሚግሬሽን ነው። የወንድሜ የሙባሽር ውሳኔ መጣ አልኩ። አይደለም። አስተያየት ስጡን ነው የሚሉት። ከአገር የተባረሩ ሰዎች ተመልሰው ለመግባት የሚሞሉትን ፎርም ሊያሻሽሉ ሕዝቡን እያማከሩ ነው። ፎርሙ ግልጽ ነበር ወይ? ምን ያህል ጊዜ ወሰደባችሁ? በእነሱ ግምት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ሁለት ሰዓት። ለሠላሳ አራት ገጽ። ሙባሽር ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የኖረባቸውን አድራሻዎች በሙሉ ዘርዝሩ ለሚለው ለአንዱ ጥያቄ ብቻ እኔና አባባ ሁለት ሳምንት ተኳርፈናል።

ወንድሜ ሙባሽር ለንደን የገባው በስድስት ዓመቱ ነው። እኔና አባባ ዜግነት ስናገኝ የሱን ነገ ዛሬ ስንል ቀረ። በሃያ ሁለት ዓመቱ የሰው ዕፅ ይዞ ተገኘ፣ ታሰረ። እስሩን ሲጨርስ ወደማያውቃት አዲስ አበባ አሳፍረው ሰደዱት። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እንዲመለስ ካመለከትን ሰባት ወር። መልስ የለም። አስተያየታችን ግን በጣም አስፈልጓቸዋል። ጨዋዎች ናቸው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15

አባባን ዳያሊሲስ አደረስኩ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ አራት አራት ሰዓት ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ሙባሽር በሄደ በሁለተኛው ዓመት ሊጠይቁት ሲነሱ ነው ኩላሊታቸው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ጥለው የትም አይሄዱም። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። እሳቸው አንዴም።

ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጨርሶ አሁን ዓይናቸውን ጀምሯል። ሐኪሟ "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ይዩ" አለቻቸው፣ ለአገር ጎብኚ እንደምትመክር። አባባ ማየት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። በስልክ ሲያዩት "ጥላ ብቻ ነው" ይላሉ።

ስለ አስተያየቱ ባልነግራቸው ይሻል ነበር። ነገርኳቸው።

"መንግሥት ሐሳባችንን ጠየቀ?"

ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ ማሽኑ ጮኸ፣ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

አባባ ልደታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ሃያ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፈዋል። ሚስቱ የከዳችው፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ከሥራ የተባረረ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚመጣው። እሳቸው እያሉ ለመንግሥት ማን ይጽፋል?

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 18

ተጻፈ። አላህ ይርዳን።

እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ አባባ ይመልሳሉ፣ እኔ ተርጉሜ አስገባለሁ።

"ፎርሙን መሙላት ምን ያህል ከባድ ነበር ይላል።"

"ምንም አልከበደንም በይ። የተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ ስላሰበልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።"

"አባባ፣ ገጽ አሥራ ስምንት ላይ አልቅሰው አልነበር?"

"እሱ ሌላ ነው። ፋይልሽን የያዘ ሰው ፊት ቆመሽ ሥራህ አስቀያሚ ነው ትያለሽ? መጀመሪያ ታመሰግኛለሽ። ከዚያ ጉዳይሽን ከታች ጣል ታደርጊያለሽ።"

ከታች ጉዳይ ጣል የሚደረግበት ቦታ የለውም። ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር መምረጥ ነው። አምስት ማለት "እጅግ ቀላል"። ሁሉንም አምስት አስደረጉኝ። ስንት ሰዓት ወሰደባችሁ ለሚለው ደግሞ "ከተባለው ዝቅ አድርጊው፣ ሰነፍ እንዳንመስል" አሉ።

ለምን እሺ አልኩ? አባቴ ናቸው። ደግሞም... ዘዴው ሃያ ዓመት ሠርቶላቸው የለ? የራሴን ግን ለብቻ ላክሁ። ሁሉንም አንድ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ነገሩ ተዛምቷል። አቶ ንዋይ የሚባሉ፣ ከአባባ ጎን ባለው ማሽን የሚታጠቡ የኬንቲሽ ታውን ሽማግሌ አሉ። ለካ የአባባን መልስ ኮፒ አድርገው ለቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሲያድሉ ከርመዋል። አባባ ደግሞ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ። ሽማግሌ የላኩ ነው የመሰላቸው። ሰው ሲበዛ መንግሥት አፍሮ እሺ የሚል።

ዛሬ አቶ ንዋይ ደወሉ። "ከአባትሽ ሌላ ስልሳ ሦስት ሰው አፕላይ አድርጓል፣ ሁሉም እጅግ ቀላል ብሏል። ለሙባሽር ስንል።"

"አፕላይ ሳይሆን አስተያየት ነው፣ አቶ ንዋይ። ለመሆኑ ፎርሙን አይተውታል?"

"ምን ያደርግልኛል? የናንተ አይደለም እንዴ?"

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

መልስ የለም። ዝናብ አለ።

ሐሙስ፣ ማርች 20

የአስተያየቱ ውጤት ወጣ። ከመላ አገሪቱ ዘጠና አንድ ሰው መልሷል። ስልሳ አራቱ "እጅግ ቀላል" ብለዋል። ስልሳ አራቱንም አውቃቸዋለሁ።

መሥሪያ ቤቱ በጣም ደስ ብሎታል። ፎርሙ እንደማይከብድ ሕዝቡ ራሱ ስላረጋገጠ አሥራ አንድ ገጽ ተጨምሯል። የመሙያው ግምት ከሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወርዷል። ውሳኔ ያላገኘ አመልካች ሁሉ በአዲሱ ፎርም በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ እንደገና ይሙላ። ካልሞላ የድሮው ይሰረዛል። ስለ ትብብራችን ያመሰግናሉ።

አባባ ረመዳንን በሕመማቸው አይጾሙም፣ ለኢፍጣር ግን እኔን ይጠብቃሉ። የምቆጣበትን ቃል ሁሉ አውቶቡስ ላይ ደርድሬ ነበር የገባሁት። ነገርኳቸው። ተምሩን እንደያዙ ቀሩ።

"እኔ ነኝ ልጄን ያዘገየሁት?"

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። "ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ አባባ" አልኳቸው። አልበሉም። እኔም አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

አርባ አምስት ገጽ። ሙባሽር ከአዲስ አበባ በስልክ፣ እኔ እዚህ ኮምፒውተር ላይ። አዲስ ጥያቄ ጨምረዋል፤ "ከአገር መባረርዎ ምን አስተማረዎት?"

"አማርኛ ብለሽ ጻፊ" አለ። "ሊትራሊ፣ ናዲ። ስመጣ ዳቦ መግዛት አልችልም ነበር።"

ሳቅን። ከዚያ ጠየቀኝ።

"የአባባ ዓይን እንዴት ነው? ኦነስትሊ ንገሪኝ።"

"ደህና ነው" አልኩት። እኛ ቤት ችግር የሚባል ነገር የለም፣ ስልሳ አራት ሰው መስክሯል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

መጣ። የተባረረበት ትእዛዝ ተነስቷል። በስም፣ በቀን፣ በማኅተም። ኮሪደሩ ላይ ዘለልኩ፣ ጎረቤት ግድግዳ መታ። ከዚያ ሁለተኛውን አንቀጽ አነበብኩ።

ደብዳቤው እንዲገባ አይፈቅድለትም። ቪዛ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ቪዛው ሌላ ፎርም ነው፣ ውሳኔው እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይኸን ሁሉ ጊዜ ስንጠይቅ የኖርነው ለመጠየቅ እንዲፈቀድልን ነው። ቸሮች ናቸው።

"ተፈቀደለት?" አሉ አባባ።

"መጠየቅ ተፈቀደለት።"

አሁን የምስጋና ደብዳቤ ያስጽፉኛል ብዬ ወረቀት ፍለጋ ተነስቼ ነበር። ቁጭ በይ አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ምን እንደሚታያቸው እንጃ።

"አንድ ዓመት ይኼ ዓይን አይጠብቀኝም። እኔን ማን ይከለክለኛል? ትኬት ቁረጪልኝ።"

"ዳያሊሲሱስ?"

"አዲስ አበባ ኩላሊት የሚያመው ሰው የለም?"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያመለክቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳይለምኑ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

አዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት የሚያጥባቸው ክሊኒክ ተገኘ። ሙባሽር ነው ያፈላለገው፣ በዚያ በተማረው አማርኛ። ሐኪሟ "ጉዞውን አልመክርም" የሚል ወረቀት አቀረበች፣ አባባ ጣቷን እየተከተሉ ፈረሙ። አንድ ገጽ፣ አንድ ፊርማ፣ ግማሽ ደቂቃ። እንዲህም ይቻላል ለካ...

እኔ ከሥራ የዓመት ፈቃድ ተከለከልኩ። ብቻቸውን ነው የሚሄዱት። አውሮፕላን ላይ ቢታመሙስ? ክሊኒኩ መብራት ቢጠፋበትስ? ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ኦገስት 24

ትናንት ሸኘኋቸው። ዛሬ እረፍቴ ላይ፣ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዲፖ ውስጥ፣ ሙባሽር ደወለ።

በሰላም ደርሰዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ዊልቼሩን የገፋላቸው ሰው መውጫው ላይ አቁሟቸው ሻንጣ ሊያመጣ ሄዷል። ሙባሽር ከሩቅ አይቷቸው ሮጠ። ፊታቸው ቆመ። ጢም አሳድጓል፣ ወፍሯል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚላቸውን ሲያስብ ኖሮ አንድ ቃል አልወጣ አለው።

አባባ ከፊታቸው ወደቆመው ሰው ቀና አሉ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉት። "ልጄን እየጠበቅሁ ነው። ዓይኔ ደከም ብሏል። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው። ብቅ ሲል ካዩት ቢነግሩኝ?"

ሙባሽር ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ወይም ሳቅ የሚመስል ነገር።

"ከዚያስ?"

"አባባ እኔ ነኝ አልኳቸው። ቀረብ በል አሉኝ። ቀረብኩ። አሁንም ቀረብ በል አሉኝ..."

"አዩህ?"

"አዎ። ቁልጭ ብለህ ትታየኛለህ አሉኝ።"

እሰይ አልኩት። አባባን አውቃቸዋለሁ፣ ሁሉንም አምስት ነው የሚሞሉት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።