በግራ እጅ የሚበላው ቤተሰብ

ለታናሽ ወንድሜ ለሐምዲ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? መጋዘኑ ውስጥ ያ ማቀዝቀዣ ተሠራላችሁ ወይስ እስካሁን በላብ እየታጠባችሁ ነው? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማን ብርዱ ጉልበቷን ትንሽ አስቸግሯታል፣ እኔን ደግሞ አንተ አስቸግረኸኛል። ሌላው ሰላም ነው።

ወረቀት የያዝኩት መደወል አቅቶኝ አይደለም። የድምፅ መልእክቴን ግማሹን እንኳ ሳትሰማ «እሺ፣ ገባኝ» እያልክ ልቤን ስላወለቅከው ነው። ሰኞ ወደ ሻርጃ የምትበረው ጎረቤታችን ፈቲያ ይህን በእጅህ ትሰጥሃለች።

«የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ለመሆን ምን ላድርግ?» ብለህ ስትጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔም ሁለት መጽሐፍ ስለሳልኩ የማውቀውን ነገርኩህ። መጀመሪያ ታሪኩን አንብብ፣ ከዚያ ደግመህ አንብብ አልኩህ፤ አንተ የትኛውን ታብሌት ልግዛ አልከኝ። በእርሳስ የተነደፈ ረቂቅ ብቻ ላክ አልኩህ፤ ቀለም ቀብተህ፣ ጨርሰህ ላክህ። ጽሑፉ «ዝናብ ዘነበ» ካለ ዝናቡን ብቻ አትሳል፣ ጽሑፉ ያላለውን ሳል፣ ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ አሳየን አልኩህ። በአንድ ጆሮህ ገብቶ በሌላው ወጣ። የፊት ጥርሷ አንዱ ገጽ ላይ ወልቋል፣ ቀጥሎ በቅሏል፣ ከዚያ እንደገና ወልቋል። ለጽሑፉ የሚሆን ቦታም አልተውክም፤ ታሪኩን የት እንድንጽፈው ፈልገህ ነው? ይሁን፣ ይህ የጀማሪ ጥፋት ነው።

የአሁኑን ግን እንዴት አድርጌ ልለፈው? ታሪኩ ለአባቷ ምሳ ይዛ ከፈላና በር እስከ ሸዋ በር ስለምትሄድ ልጅ ነው። አንተ ሁሉም ገጽ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አስኬድካት። አልገረመኝም፤ እኔም መድረሳ ቁርኣን እየቀራሁ ስላደግኩ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የምስለው። የአማርኛ መጽሐፍ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው፣ ልጅቷም ገጹ ወደሚገለጥበት መሄድ አለባት። አለበለዚያ ምሳውን ሳታደርስ ወደ ቤቷ የምትመለስ ትመስላለች። መጽሐፉን የምታዘጋጀው ሃና «እንደገና ይሳላቸው» አለች። አንተ ታብሌትህን አንዴ ነካ አድርገህ ሁሉንም እንደ መስታወት ገለበጥካቸው።

መንገዱ ላይ የሳልከው ሚኒባስ ታፔላ ላይ ፊደሉ ሲገለበጥ አይተህ አስተካክለሃል። በሩ ግን በተሳሳተው ጎን ተከፍቶ ተሳፋሪው መኪና መሃል ይወርዳል። የባሰው የመጀመሪያው ገጽ ነው። ከፍ ባለው የነደባው መደብ ላይ ማዕዱን ከበው የተቀመጡት አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ እንግዳው ሳይቀር ሁሉም በግራ እጃቸው ይበላሉ። ለማስተምራቸው ልጆች ባሳያቸው ትንሿ አማል «እነዚህ ሰዎች ቢስሚላህ አይሉም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ስነግርህ «ማን እጅ ያያል? የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው» አልከኝ። እጅ የሚያዩትማ ልጆች ናቸው፤ በየማዕዱ «በቀኝህ ብላ» እየተባሉ የሚገሠጹት እነሱ ናቸው።

ሌላም ያየ ሰው አለ። እማ አየች። ፊደል እንደማትቆጥር ታውቃለህ፣ ስዕሉን ግን ይዛ ብዙ ቆየች። የሳልከው የእኛን ቤት እንደሆነ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውም ልጅ አንተ እንደሆንክ ወዲያው አወቀች። ከዚያ «ቀኝ እጁን ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ስዕሉ ተገልብጦ ነው ብላት ማን ይስማኝ። መጋዘን ውስጥ ሣጥን ወድቆብህ፣ አፍ አውጥተህ መናገር ቢያቅትህ በስዕል የነገርካት መሰላት። ሌሎቹም እኮ በግራ ነው የሚበሉት ብላት «እሱ ብቻውን እንዳይታይ ብሎ ነው» አለችና አለቀሰች። በቪዲዮ ስልክ ስታወራህ «ስልኩን ወደ ታች አድርገው» እያለች የምትጨቀጭቅህ እጅህን ለማየት ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንተ ግን መልቀሙንም በአንድ ንክኪ ልትጨርሰው ትፈልጋለህ። ሃና እስከ ሐሙስ ትጠብቅሃለች፣ ከዚያ ሥራውን ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ እኔም ከእንግዲህ አልለምናትም። ከልጅነትህ ጀምሮ የተመኘኸው ይህን እንደሆነ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምናደደው። ቁጭ ብለህ ገጾቹን በእጅህ እንደገና ሳላቸው። እጅ ሲበላ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማየትም አብረውህ የሚኖሩትን ተመልከት እንጂ መስታወት ፊት እንዳትቀመጥ።

አጎታችን ዐብዱልጀሊል «በዱዓ እንዳልረሳሁት ንገሪልኝ» ብለዋል። አክስታችን ዘምዘም ሰላም ትልሃለች። ልጇ ቢላል ሚኒባሱን ወዶልሃል፣ በሩን ግን እሱም አይቶታል። አብረውህ ላሉት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እማ ሰላምታዋን በፈቲያ ልካለች። እኔንም ስልኩንም አላመነችም። «ምግብ አቅርቢለትና ሲበላ በዓይንሽ እዪልኝ» ብላታለች፤ ፈቲያ እስክትደውልላትም እንቅልፍ የላትም። ስለዚህ ደብዳቤውን አስቀምጥና ሂድ እጅህን ታጠብ።

እህትህ ናፊያ
ሐረር፣ ፈላና በር
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.