የአባትሽ አፍንጫና ጣፋጩ ሪስሊንግ

ለምወድሽ ልጄ፣

የሃምቡርግ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ጉልበቴ ከምድር ቤቱ ደረጃ ጋር እንደተጣላ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ወይኑ አበባውን አራግፎ ፍሬ ቋጥሯል፤ በረዶም አልመታውም፣ ተመስገን።

ደህና ነን ብዬ እንዳላልፍ ግን ስለ አባትሽ የምነግርሽ አለ።

ወይን መሸጣችንን የሚያሳየውን ቅርንጫፍ በራችን ላይ ሰቅለን ቤቱን ለእንግዳ ከከፈትን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። መቼም ታውቂዋለሽ፣ የወይኑ ጆጎች ላይ ምልክት መለጠፍ አይወድም፤ «አፍንጫዬ እያለ ወረቀት ምን ይሠራልኛል?» ይላል። ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ጌርኖት በአቼቶ የተዘፈዘፈ ዓሣ አዘዘ። አባትሽ ስኳር በሌለው በደረቁ ሪስሊንግ ነጭ ወይናችን ፈንታ ያንን ማር የመሰለውን ጣፋጩን ቀዳለት። ጌርኖት ጎንጨት አለና፣ «ምነው አልባን፣ ዓሣዬን ልትድርልኝ ነው እንዴ የሠርግ ወይን የምታጠጣኝ?» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባትሽም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ከገና በኋላ ከያዘው ትኩሳት ወዲህ በርሜል በቀመስን ቁጥር አስቀድሞ የሚያየው ፊቴን ነው። ፈገግ ካልኩ «ደርሷል» ይላል፤ ፊቴን ካጨማደድኩ «ይቆይ» ይላል። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አለማየቴ አንገበገበኝ። እንግዳው ሲሄድ አፋጠጥኩት። «ምንም አይሸተኝም፤ አንዱን በርሜል ከሌላው አልለየውም» ብሎ አለቀሰ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

የሄድሽበትን ጠብ አልረሳሁትም። ጣፋጩን ቃሪያ ከበዛበት ምግብ ጋር እናቅርብ ስትይው «የአባቴ ወይን የቃጠሎ ማጥፊያ ነው እንዴ!» ብሎ ጮኸብሽ፤ አንቺም «ከነወይንህ ሻግት» ብለሽው ወጣሽ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽው አልጠይቅም።

ማክሰኞ ዕለት ያንቺን ዓሣ ሠራሁ፤ አምና በላክሽልኝ ወረቀት ላይ እንዳለው፣ በዝንጅብልና በቀይ ቃሪያ። ቃሪያውንማ እልህ ይዞኝ አበዛሁት። ምንም ሳልናገር ጣፋጩን ቀድቼ አጠገቡ አኖርኩ። ጎረሰ፤ ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ። ተጎነጨ። ደግሞ ጎረሰ፣ ደግሞ ተጎነጨ። ለካ ምላሱ ማቃጠሉንም፣ ጣፋጩንም፣ ኮምጣጣውንም አሁንም ያውቃል! «ሲያቃጥለኝ ይደርስልኛል፤ ከዚያ ኮምጠጥ ብሎ አፌን ያጥብልኛል» አለና ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ከዚያ «ይህቺ ልጅ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለቀማው በጥቅምት ይጀመራል። የትኛው በርሜል ከየትኛው እንደሚደባለቅ አሽትቶ የሚናገር ሰው ያስፈልገናል። የእኔ አፍንጫ ለድስት እንጂ ለበርሜል አይሆንም። ያንቺን አፍንጫ ጉብዝና ግን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ እሱ ራሱ ነበር ለሰው የሚያወራው። ሰው ካጣን ፍሬውን ለጅምላ ገዢ እንሸጣለን፤ የቤታችን ስም ያለበት ጠርሙስ ከእንግዲህ አይኖርም።

ይህን ሁሉ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። ወረቀቱንም ቴምብሩንም ከፖስታ ቤት ገዝቶ ያመጣልኝ ግን እሱ ነው፤ አሁንም ከበሩ ማዶ ቆሞ «አልጨረስሽም ወይ?» ሲለኝ ይኸው ሁለተኛ ጊዜው ነው።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ መንገድሽንም ያቅናልኝ።

እናትሽ