ከስም ጥሪው በፊት

ይድረስ ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰባት ወር ሊሞላ ነው፤ ሰነበትሽ ማለቱም ያሳፍራል። እናትሽ እማማስ እንዴት ናቸው? እንቅልፋቸው፣ እህል የመቅመሳቸው ነገር፣ የጉልበታቸው ሕመም? ሁሉንም ጻፊልኝ። ካልጻፍሽልኝም አልቀየምሽም፤ የመቀየም መብቴን በገዛ እጄ ነው የጣልኩት። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እናቴ ወረቀት በነፃ የሚታደል መሰለሽ ወይ ብላ ስትቆጣኝ ነው አራተኛውን ልጨርሰው የቆረጥኩት።

የወጣቶች ምክር ቤት አዳራሻችን ያው ነው። ሃያ አንዱ ወንበር፣ የምትንገዳገደው ጠረጴዛ፣ እግሯ ሥር የሸጎጥሽላት የካርቶን ቁራጭ ሳይቀር እንዳለ አለ። ሊቀመንበሩም ያው ነው፤ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር «ሥነ ሥርዓት!» ይላል። አንቺ ያወጣሽለት ስም ጸድቆለት አባሉ ሁሉ አቶ ሥነ ሥርዓት እያለ ያማዋል። በሰማያዊ ማርከር የጻፍሽው የአባላት የሥነ ምግባር ደንብም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ዘጠኙም አንቀጽ፣ አንድ ፊደል ረስተሽ ከላይ ያስገባሽባት ቦታ ጭምር። ስብሰባው ሲሰለቸኝ እሷን ፊደል ነበር የማየው።

የጎደለው ከጎኔ ነው። በአንቺ ቦታ የተተካው ልጅ አጠገቤ ተመድቦ ሁለት ስብሰባ ከተቀመጠ በኋላ መስኮት አጠገብ ነፋስ ይሻለኛል ብሎ ተነሳ። ነፋሱ ሰበብ ነው። ሰላም የማይለኝ አልነበረም፣ ክፉ የተናገረኝም የለም፤ ግን በዕረፍት ሰዓት ሻያቸውን ይዘው ሰብሰብ ሲሉ እኔ ስጠጋ እያንዳንዱ ድንገት የሚሠራው ነገር ትዝ ይለው ነበር። ብቸኝነት ባዶ ቤት ውስጥ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ሰው ባለበት አዳራሽም እንደሚመጣ አሁን አወቅኩ።

የተመረጥን ሰሞን ትዝ ይልሻል? ከእኛ በፊት የነበሩት ተመርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በዚያው ጠፍተው ነበር። አንቺ ስትናደጂ አፍንጫሽ ይቀላል። መመረጥ ወንበር ማሞቅ አይደለም፣ የመረጠሽ ሰው ሲፈልግሽ መገኘት ነው አልሽና አራተኛውን አንቀጽ በዚያ ንዴት ጻፍሽው። በተከታታይ ሦስት ስብሰባ የቀረ አባል ከምክር ቤቱ ይሰናበታል፤ ምክንያት ካለው በጽሑፍ አሽጎ ለጸሐፊዋ ይሰጣል፣ ወረቀቱም ከስም ጥሪ በፊት በጉባኤው ፊት ተከፍቶ ይነበባል። ይህ እንዳይከብድ ብዬ ስከራከርሽ ሳቅሽብኝ። «ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ፣ ምን ያስፈራሻል?» ነበር ያልሽኝ።

የሦስተኛው ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ድረስ ስትመጪ ፀጉርሽን እንኳ አላበጠርሽም፤ የአንድ እግርሽ ጫማ ክር ተፈቷል። የታሸገ ፖስታ በእጄ አስጨበጥሽኝና መኪና ቆሞ እየጠበቀሽ እንደሆነ፣ ወረቀቱን ከስም ጥሪው በፊት እንዳቀርብልሽ ነግረሽኝ እየሮጥሽ ወረድሽ። ምን ሆነሽ ነው አላልኩሽም። ሁለቱን ስብሰባ ለምን እንደቀረሽም ጠይቄሽ አላውቅም ነበር። የመንደሩን ወጣት ችግር በየቤቱ እየዞርኩ እመዘግባለሁ፤ የጓደኛዬን አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ የቀሪ ወረቀት ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማኅደሬ ጭኔ ላይ ነበር፤ ፖስታሽም በውስጡ። ምላሴ ተሳሰረ ብልሽ ውሸት ነው። ውሃ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን ቦታው መለስኩ፣ የለም አልኩ። ስምሽ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ለማሰናበት አሥራ አራት ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አሥራ ሦስት እጅ ወጥቶ ቆመ፤ ሊቀመንበሩም ሊተወው የስም ዝርዝሩን ማጠፍ ጀምሮ ነበር። ያኔ የእኔ እጅ ወጣ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ እስከ ዛሬም እያዩኝ ነው።

ቀጣዩ አጀንዳ ምን እንደነበር አትረሺውም፤ አጀንዳውን አብረን ነው ያወጣነው። ምክር ቤታችንን ወክሎ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የሚናገር መምረጥ ነበር። ዕጩዎቹም ሁለት ነበርን፣ አንቺና እኔ። አንቺ ስትሰናበቺ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ለእናቴ የጓደኛዬን የቤት ገበና ሰው ፊት ላለማስነበብ ብዬ ነው አልኳት። ጥሩ አደረግሽ፣ ገበና መሸፈን የእህት ወግ ነው አለችኝ። ለጥበቃው ለጋሼም እንዲሁ አልኳቸው፤ እሳቸው ቁልፋቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ደጋግሜ ስናገረው እኔም ላምነው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጉባኤው ላይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንቺ ያዘጋጀሽውን ንግግር አነበብኩ። ንባብ ቤቱ እሑድም ይከፈት ብለሽ ጫማሽ እስኪያልቅ ዞረሽ ያስፈረምሽውን የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊርማ ዘረጋሁ። ተጨበጨበልኝ። ተፈቀደም፤ ደስ ይበልሽ፣ ይህ ሥራሽ ነው። በሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ግን ያለው የእኔ ስም ነው። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። መጻሕፍት የሚያውሱት ሴትዮ በገባሁ ቁጥር ተነሥተው ያመሰግኑኛል፤ እኔም ፊቴን የማዞርበት ሳጣ የሆነ መጽሐፍ አንሥቼ እገልጣለሁ። አንድም ገጽ አንብቤ አላውቅም።

ከወር ተኩል በፊት የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ጠራችኝ። የመረጥናት ልጅ ሳትሰናበተን የሄደችው ምን በድለናት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ቅያሜ ነበረባት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የእማማን ነገር ነገረችኝ። ቤታቸው ጠፍቷቸው በነጠላ ጫማ መኪና ማቆሚያው ጋ መገኘታቸውን፣ አንቺንም ልጄ የት ሄደች ብለው መጠየቃቸውን፣ በመጨረሻም ወንድምሽ ጋ ይዘሻቸው መሄድሽን። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መርፌዋን ክር ላስገባልሽ ብዬ ተቀበልኳት፤ ቀዳዳውን ደጋግሜ ስቼ መልሼ ሰጠኋት። አንቺ ያንን ሁሉ ተሸክመሽ መኪና ቆሞብሽ ወረቀት ማድረስ አልረሳሽም።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልገባሁም። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛዬ ነበር። ደጅ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ሊቀመንበሩ የቀሪ ወረቀት አለ ወይ ሲል ማንም አልመለሰም። ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠራ። አቤት ልል አፌ ከፈት ብሎ ነበር፤ ያዝኩት። የወጣው እጅ አሥራ ዘጠኝ መሆኑን ጋሼ በኋላ ነገሩኝ። ሳይጠየቁ የራሳቸውን ወንበር አምጥተው ትንሽ አጠገቤ ተቀመጡ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሰባተኛውን አንቀጽሽን ታስታውሻለሽ፦ ማንም አባል ራሱ በሚጠቀምበት ጉዳይ ላይ እጁን አያወጣም። አሥራ አራተኛዋ እጅ ስትወድቅ ስንብትሽም አብሮ ይወድቃል። የሠራሁትን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፤ አንዱን ለሊቀመንበሩ ሰጥቻለሁ፣ አንዱ እዚህ ውስጥ አለልሽ። ለልብስ ሰፊዋም በቃሌ ነግሬአታለሁ። ወንበርሽን ከፈለግሽው ጠይቂ፤ ካልፈለግሽው የመረጡሽ ሰዎች እንዳልከዳሻቸው ይወቁ።

ያንቺንም ፖስታ መልሼልሻለሁ። ማኅደሬ ውስጥ ሰባት ወር ተቀምጦ ጠርዙ ትንሽ ጎብጧል እንጂ ሌላ የሆነው ነገር የለም። ያሸግሽበትን ማስቲሽ እይው፤ በአውራ ጣትሽ የጫንሽበት ምልክት እንኳ አልተነካም፤ ምን እንደጻፍሽ አላየሁም። ትናንት ለእናቴ አሳየኋት። አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ሰጠችኝና ስለ ገበና ያልኳትን ዳግመኛ አላነሳችውም።

እማማን ፈጣሪ ይማርልሽ። የሚያውቁሽን ቀን ያብዛልሽ፤ በማያውቁሽም ቀን ትዕግሥቱን አይንሳሽ። አጠገብሽ የሚቀመጥ ደህና ሰው ይስጥሽ።

የወንበር ጎረቤትሽ የነበርኩት