ታሽጎ ስለተያዘው ሬዲዮና ስለ ቢተው ጤፍ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተያዙ ዕቃዎች ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መካነ ሰላም

አመልካች፦ ኪዳነማርያም ካሳ፣ ጡረተኛ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ዕድሜ 74

ጉዳዩ፦ የታሸጉብኝ ሬዲዮና ኮምፒውተር እንዲከፈቱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ጊዜው አላለፈም። ሃያ ስድስት ዓመት በጆሮዬ ሠርቼ ኖሬያለሁ። ቀኝ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ግራውም ማመልከቻ አስገብቷል።

2. አቀስታ ካሉት የሒሳብ መምህርት ከወይዘሮ ኡምኩልሱም ጋር የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠራን ነበር። ፕሮግራሙ ፊደልን ወደ ፉጨት ለውጦ በሬዲዮ ይልካል፤ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ፉጨቱን ተቀብሎ መልሶ ፊደል ያደርገዋል። በጆሮዬ የማልሰማውን በዓይኔ አነባለሁ ማለት ነው። እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ እየላክሁ የተበላሸውን እነግራቸዋለሁ። አብረውን የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች የእኛን ፊደል ለመጨመር እስከ ኅዳር 5 ቀን ብቻ ይጠብቁናል። ያ ቀን ካለፈ ፕሮግራሙ ያለ ሀሁ ይወጣል።

3. ለሙከራ አስቸጋሪ ፊደላት ያሉበት ዓረፍተ ነገር አስፈለገ። እኔም ጎረቤት ሳልነካ መዋል ስለማይሆንልኝ፣ «ቢተው ጤፉን ቤት ረስቶ፣ ባዶ በቅሎ እየነዳ፣ ጫካውን አቋርጦ ገበያ ገባ» ብዬ ጻፍሁ። ይህንኑ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ላክሁ። መስከረም 20 ቀን ባልደረቦችዎ መጥተው፣ ጤፉ ምንድን ነው፣ ባዶ በቅሎ ሲባልስ ምን ማለት ነው ብለው ዕቃዬን አሽገው ወሰዱ። ከከተማ እንዳልወጣም ታዘዝሁ።

4. አቶ ቢተው የአርባ ዓመት ጎረቤቴ ነውና ምስክር ይሆነኛል ብዬ ጠራሁት። ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ስቋል። ቢተው ግን መርማሪው ፊት ጋቢውን አስተካክሎ፣ «ጤፍ ረስቶ ገበያ የሚሄድ ሰው እመስላለሁ ወይ? እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም» አለ።

መርማሪው ወደ እኔ ዞረው፣ «አባባ፣ ያልሆነ ነገር በየቀኑ ለምን ይላካል?» አሉኝ።

5. ሆኗል ብዬ ብከራከር ቢተውን ዳግመኛ ማዋረድ ነው። አልሆነም ብል ምስጢር ልኬያለሁ ማለት ነው። ፕሮግራሙን ከፍቼ ላሳይ ስል የታሸገ አይከፈትም ተባልሁ፤ እሽጉ ይነሣልኝ ስል ፕሮግራሙ ሳይታይ አይነሣም ተባልሁ። በየማክሰኞው መጥቼ እፈርማለሁ፤ የበር ጥበቃው «ደግሞ መጡ?» ማለቱን እንኳ ትቷል። መምህርቷ በስልክ ሲያጽናኑኝ ግማሹን ስለማልሰማው ዝም ብዬ እሺ እሺ እላለሁ።

6. ቢተውን ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ሲያየኝ ወደ ጓዳ ገባ። ቀልዴ ልክ አልፏል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ ይመስክርልኝ አልልም።

ስለዚህ ሬዲዮውና ኮምፒውተሩ በቢሮዎ፣ መርማሪው ባሉበት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲከፈቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የሚላከውን ቃል እርስዎ በእጅዎ ይጻፉ። አቀስታ ላይ የእርስዎ ሰው ከመምህርቷ ጎን ይቀመጥ። የጻፉት ሳይዛነፍ እዚያ ከተነበበ ዕቃዬ ይመለስልኝ፤ ካልተነበበ እንደታሸገ ይቅር፣ ዳግመኛ ደጅዎን አልረግጥም። ብቻ አደራ፣ የሰው ስም አይጨምሩበት፤ የቀሩኝ ጎረቤቶች ጥቂት ናቸው።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ኪዳነማርያም ካሳ
(ፊርማ)