የሰሚራ እሁድ

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ቡታጅራ

አቡ ዳቢ ሄጄ የመኪና ውድድር ለማየት ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ ወይስ ሰፈሩ? እማዬ ለአንድ ጎረቤት ነገረች፤ ይኸው ሻንጣዬ እዚያ በሰው ቤት ለሚሠሩ የሰፈራችን ልጆች በተላከ በርበሬና ቅቤ ጢም አለ። የሚመጣውን አርብና ቅዳሜ ለጥየቃ መድባልኛለች። «እሁድን እንኳ ተዪልኝ፣ ውድድሩ ያኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«መኪና ሲሮጥ ለማየት አስፋልት ዳር መቆም አይበቃም?» አለችኝ።

ተናድጄ በርበሬውን ማውጣት ስጀምር ጎረቤታችን እማማ ከድጃ ባዶ እጃቸውን ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። የምልከው የለኝም። እዚያ ያለችውን የልጄን የሰሚራዬን ፊት ብቻ በደንብ አይተህልኝ ና።»

«እሺ፣ አርብ እሄዳለሁ» አልኩ፣ ቶሎ እንዲወጡልኝ።

«አርብ አሠሪዋ አይለቋትም። የምታርፈው እሁድ ብቻ ነው።»

በርበሬውን መልሼ ከተትኩ። የውድድሩን ትኬት ደግሞ መልሰው አይቀበሉም።