የእድሩ ድስት

ልጄ ሲና፣ የጳውሎስ አምላክ ባለሽበት ክፉውን ሁሉ ያርቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ፀሐይ ሲያገኘው ይሻለዋል። ሆላንድ ብርዱ ጠንቷል ሲሉ ሰማሁ፣ ካልሲ ደርቢ።

እዚያ ሆነሽ የነደፍሽው የሰፈራችን የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ጀምሯል። ወንዙ ዳር ያ ሽታ የለም። ከማጣሪያው ላይ ለእድራችን ብለሽ የነደፍሽውን አዳራሽ ግን ማንም አልረገጠውም ነበር። እትዬ ታየች «ሽንት ቤት ላይ ተቀምጦ ንፍሮ አይበላም» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳመኑ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጋሽ ዓምሃ አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዝናቡ ድንኳኑን ሲጥለው ለቀስተኛው ሳይወድ ወደ አዳራሽሽ ገባ። ንፍሮ የሚቀቀልበት የእድሩ ድስት ግን በማድቤትሽ በር አልገባ አለ። ጃንጥላ ይዘንለት ውጭ ቀቀልን።

ንፍሮው ሲታደል ሁሉም ይዞ ተቀመጠ እንጂ አልቀመሰም። እኔ መብላት ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ የልጄ ቤት ነው። ቆይተው እትዬ ታየችም ዘገኑ። አሁን «በሩ ይስፋልን» እያሉ እድሩን የሚጨቀጭቁት እሳቸው ናቸው።

እመቤቴ እጅሽን ትባርከው። ለሌላ ሰፈር ስትነድፊ ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ አስቀድመሽ ድስታቸውን ለኪ።

እናትሽ